ታይሻንን ከግርጌው ጀምሮ መውጣት፦ ደረጃው፣ ቤተ መቅደሶቹና የጉልበታችሁ ነገር

በቻይና ባለው የታይሻን ተራራ ጫፍ ላይ የቆመው ድንጋይ «1545 ሜትር» ይላል። አዲስ አበባ ኖሮ የመጣ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ መርካቶ ከዚህ ጫፍ ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ «አየር ያጥረኝ ይሆን» የሚለውን ስጋት እዚሁ ተዉት። የሚጥለው ከፍታው ሳይሆን መወጣጫው ነው። ከግርጌው ያለችው የታይአን ከተማ ከባሕር ወለል 150 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከመውጫው በር እስከ ጫፍ 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ያውም በድንጋይ ደረጃ፣ ከ6,000 በሚበልጥ ደረጃ። ሳንባችሁ አይከዳችሁም። ጭናችሁና ጉልበታችሁ ግን ዳገት በመልመዳችሁ ብቻ አይድኑም፤ ደረጃና ዳገት አንድ አይደሉምና። (በኋላ በተደረገ ልኬት ቁመቱ 1,532.7 ሜትር ተብሏል። ሁለት ቁጥር ብታዩ አትደናገሩ፤ ድንጋዩ የድሮውን እንደያዘ ነው።)

በቻይና ከጥንት ጀምሮ የሚከበሩ አምስት ታላላቅ ተራሮች አሉ። ታይሻን የምሥራቁ ነው። ኋሻን የምዕራብ፣ ሁለቱ ሄንግሻኖች የደቡብና የሰሜን፣ ሶንግሻን የመካከሉ። ዉታይ፣ ኤሜይ፣ ጂውኋና ፑቱዎ የሚባሉት የቡድሂስቶቹ አራት ተራሮች ሌላ መዝገብ ናቸው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። በቁመት ኋሻን ታይሻንን ይበልጠዋል፣ በክብር ግን ታይሻንን የሚደርስበት የለም። ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ፣ የልደትና የመታደስ አቅጣጫ ተደርጎ ይቆጠራል። ንጉሠ ነገሥታቱም ሥልጣናቸው ከሰማይ መሆኑን ለማሳየት እዚህ እየመጡ፣ ጫፉ ላይ ለሰማይ፣ ግርጌው ላይ ለምድር መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። የመጀመሪያው «ፌንግ»፣ ሁለተኛው «ሻን» ይባላል። ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 መጣ፤ ሃን ዉዲ በ110፤ የታንግ ሥርወ መንግሥቱ ሹዋንዞንግ እ.ኤ.አ. በ725፤ በመጨረሻም የሶንግ ሥርወ መንግሥቱ ጀንዞንግ በ1008። እነዚህን አራት ስሞች ይዛችሁ ውጡ። መንገድ ላይ ከምታዩት ብዙው ዞሮ ዞሮ ከአንዳቸው ጋር ይገናኛል።

አብዛኛው የውጭ ጎብኚ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ከቲያንዋይ መንደር አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ተራራው ወገብ ላይ ይወርዳል፣ ኬብል ካር ይይዛል፣ ጫፉ አጠገብ ባለው ናንቲያንመን፣ ማለትም በደቡቡ የሰማይ በር ላይ ይወርድና ሱቅና ሰው የሞላበት መንገድ ያገኛል። ሁለት ሰዓት ዞሮ «ይኸው ነው እንዴ?» እያለ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ጫፉ ላይ ያሉት ቤተ መቅደሶች ትንንሽ ናቸው። ታይሻን ማለት መንገዱ ነው። ከተማው መካከል ካለው ከዳይሚያኦ ቤተ መቅደስ እስከ ጫፉ ድረስ በአንድ መስመር የተዘረጋ ረጅም ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን ከመጨረሻው ገጽ የጀመረ ሰው አይገባውም። ዩኔስኮ ተራራውን በ1987 ሲመዘግበው በተፈጥሮም በባህልም ነበር። በመዝገቡ 22 ቤተ መቅደስ፣ 819 የድንጋይ ጽላትና 1,018 አለት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ተቆጥሯል። ቁጥሩን ልብ በሉ፦ ሀብቱ ከጣሪያው ይልቅ ድንጋዩ ላይ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ ያለው መንገዱ ዳር ነው።

ወደ ታይአን መድረስ ቀላል ነው። ከቤይጂንግ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከሻንጋይ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከሻንዶንግ ዋና ከተማ ከጂናን ደግሞ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁለት ጣቢያ አለ። «ታይአን» የሚባለው የፈጣን ባቡሩ ሲሆን ከከተማው ምዕራብ ራቅ ይላል፤ «ታይሻን» የሚባለው አሮጌው ጣቢያ ለመሐል ከተማ ይቀርባል። ትኬት ስትቆርጡ ስሙን አይታችሁ ቁረጡ፤ በተለይ ስትመለሱ ተሳስታችሁ ሌላው ጣቢያ ብትሄዱ ባቡሩ ያመልጣችኋል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል። ቻይና ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ደግሞ ፓስፖርታችሁን እቤት ትታችሁ በፎቶው ብቻ እንዳትመጡ፤ የባቡሩም፣ የሆቴሉም፣ የተራራው መግቢያ ትኬትም የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ነው። ትንንሽ ማረፊያዎች የውጭ ሰው መመዝገብ ስለማይለምዱ አንዳንዴ ይመልሳሉ። ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ስልክ ላይ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፦ አሊፔይ ወይም ዊቻት ክፍያን፣ እንዲሁም ጋኦዴ የተባለውን የቻይና ካርታ። የጉግል ካርታ ቻይና ውስጥ ቦታን አዛብቶ ያሳያል፣ ያለ ቪፒኤንም አይከፈትም። ቴሌግራምና ዋትስአፕም እንዲሁ። ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት መያዝ አይከፋም። የአምስት ዩዋን ኖት ካገኛችሁ ገልብጣችሁ እዩ፤ ጀርባው ላይ ያለው ተራራ ይኸው ታይሻን ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ 7 (በእኛ ከመስከረም 21 ጀምሮ ያለው ሳምንት) እና በሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ዙሪያ ያሉት ቀናት የቻይና ብሔራዊ በዓላት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ደረጃው ላይ እግር ማሳረፊያ አይገኝም፤ ወደ ኋላ ልመለስ ብትሉም ሰው አያሳልፋችሁም። ክረምቱ እንደኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ መብረቅና ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ኬብል ካሩ ይቆማል። በጣም ጥሩው ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ከዚያም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው፤ ቢቻል ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት።

አሁን ወደ ዳይሚያኦ። ይህ የታይሻን አምላክ ቤተ መቅደስ ነው፤ ከተማው መሐል፣ በግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ። ማታ ይዘጋል። ሌሊት ለመውጣት ያሰበ ሰው እንግዲህ በቀኑ ከሰዓት በኋላ መጨረስ አለበት፤ ሁለት ሰዓት ስጡት። በደቡቡ በር ፊት ለፊት ያኦጻን የሚባል ትንሽ ቅጥር አለ። ንጉሠ ነገሥታቱ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ቆመው ወደ ተራራው ይሰግዱ ነበር፤ ደጅ እንደ መሳለም ነው። እናንተም ከዚያው ጀምሩ፣ መስመሩ በትክክል ከዚያ ይነሳልና። በጎን በር ከገባችሁ ይህ ሁሉ ያመልጣችኋል።

ግቢው ውስጥ አራት ነገር አትለፉ። አንደኛ፣ ሃን ዉዲ እንደተከላቸው የሚነገርላቸው አሮጌ ጽዶች፤ ግንዳቸው እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ግማሹ ደርቆ ግማሹ አረንጓዴ። ሁለተኛ፣ ቲያንኳንግ የሚባለው ዋናው አዳራሽ። መሠረቱ በ1009 በሶንግ ዘመን የተጣለ ነው። ውስጡ ያለው የግድግዳ ሥዕል 62 ሜትር ርዝመትና 3.3 ሜትር ቁመት አለው፤ የተራራው አምላክ በሰልፍ ሲወጣና ሲመለስ ያሳያል። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ፎቶም አይፈቀድም። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ ሰው ሁሉ በሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚያልፈው ይህን ባለማወቁ ነው። ሦስተኛ፣ የቺን ሺ ኋንግ ሐውልት ስባሪ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ተርፈው የቀሩት 10 ፊደላት ብቻ ናቸው፤ በመስታወት ተሸፍነዋል፣ ምልክቱም ትንሽ ስለሆነ ሳታዩት ታልፋላችሁ። አራተኛ፣ በ1615 ከነሐስ የተሠራው ትንሽ ቤት። እንጨት ይመስላል፣ ሲነኩት ግን ብረት ነው። ድሮ የነበረው ተራራው ጫፍ ላይ ነው፤ ወደዚህ የተዛወረው በኋላ ነው።

ከዳይሚያኦ ሰሜን በር ወጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ዳይዞንግ የሚባለውን የድንጋይ ቅስት ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ሆንግመን፣ ማለትም ቀይ በር። ደረጃው በትክክል የሚጀምረው እዚህ ነው። እዚያው አቅራቢያ «ኮንፉሺየስ ወደ ላይ የወጣበት ቦታ» የሚል ቅስት አለ። ይህ የጥንት ቻይናዊ ፈላስፋ ታይሻን ላይ ሲወጣ ዓለም አነሰችበት የሚባለው አባባል ከዚህ የተያያዘ ነው።

ሆንግመን በር ላይ የእንጨት በትር የሚሸጡ አሉ፤ በርካሽ። ግዙ። ወጣቶች ያፍሩበታል፣ ስትወርዱ ግን ከማንኛውም ጫማ በላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። ጫማው የተለመደ፣ ተረከዙ ያላለቀ የስፖርት ጫማ ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን ማውጣት ስህተት ነው። ውኃ አንድ ሊትር ተኩል ይበቃል፤ መንገዱ ላይ ይሸጣል፣ ግን ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። አትማረሩ። ብዙውን ዕቃ ሽቅብ የሚያደርሱት ተሸካሚዎች ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ አግድም እንጨት አድርገው ከሁለቱ ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው። ሲመጡ ወደ ግራ ወይም ቀኝ ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ አሳልፏቸው። በደረጃው ሰያፍ እየሄዱ ነው የሚወጡት፤ እናንተም ይህንን ዘዴ ቅዱ፣ ከቀጥታው በጣም ይቀልላል።

ከሆንግመን እስከ ጆንግቲያንመን፣ ማለትም እስከ መካከለኛው የሰማይ በር፣ ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ይህ ግማሽ ለስላሳ ነው፣ ጥላም አለው፤ ሰው የሚዘልለው ግማሽም ይኸው ነው። ከዋንሺያን ግንብ አለፍ ብሎ አለት ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ተቀርጾ ታያላችሁ፤ 1899 የተጻፈ ነው። እንዳለ ሲነበብ ትርጉም የለውም። ምስጢሩ «ነፋስ» እና «ጨረቃ» የሚሉትን ፊደላት ዙሪያቸውን ያለውን መስመር ገፍፎ መጻፉ ነው፦ ወሰን የሌለው ነፋስና ጨረቃ፣ ማለትም ዳርቻ የሌለው ውበት። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ድንጋይ ከቻይናዊው እኩል ይደሰትበታል።

ከዶውሙ ቤተ መቅደስ በኋላ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ አጭር መንገድ አለች። ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህችን መታጠፍ ነው። ጂንግሺዩ ትባላለች፤ የወንዝ ወለል የሆነ ሰፊ ተዳፋት አለት ላይ «የአልማዝ ሱትራ» የተባለው የቡድሂስቶች ቅዱስ ጽሑፍ ተቀርጿል። እያንዳንዱ ፊደል 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የስድስተኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ከ2,700 በላይ ከነበሩት ፊደላት ወደ 1,000 የሚጠጉ ቀርተዋል፤ የቀሩትን ውኃው በልቷቸዋል። በሌሊት ምንም አይታይም፤ ሌሊት የሚወጣ ሰው የሚያጣው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በላይ መንገዱ በጽዶች ጥላ ውስጥ ያልፍና ሁይማሊንግ ይደርሳል። ትርጉሙ «ፈረስ የሚመለስበት» ነው፤ ንጉሥም ቢሆን እዚህ ከፈረሱ ይወርዳል። አቀበቱ ስሙን አያሳፍረውም።

ጆንግቲያንመን 847 ሜትር ላይ ነው። አውቶቡሱ የሚያደርሰውም፣ ኬብል ካሩም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ራሳችሁን የምትመዝኑበት ቦታ እዚህ ነው። ጉልበታችሁ ከወዲሁ እየወጋ ከሆነ ኬብል ካር ያዙ፤ አንድ ጉዞ 100 ዩዋን ገደማ ነው፣ ዋጋው ግን ስለሚለዋወጥ በዕለቱ አረጋግጡ። ጭን ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ቀጥሉ፤ እሱ ያልፋል። ኬብል ካሩ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ ሌሊት እኩሌታ ላይ የደከመው ሰው ወደ ላይ በኬብል ካር ለመሄድ እዚህ ቁጭ ብሎ ንጋትን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም።

ከጆንግቲያንመን ቀጥሎ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ትንሽም ይወርዳል። «ሦስቱ የደስታ ሊ» ይሉታል፤ አንድ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ፍጥነት ጨምሮ ይሄድና ለሚመጣው ጉልበት አይተርፈውም። በዝግታ እለፉ። ከዚያ ቺን ሺ ኋንግ ዝናብ ተጠልሎበት የሹመት ማዕረግ የሰጠው ዛፍ ቦታ ይመጣል። ዛሬ የቆሙት ፓይኖች በ1730 የተተከሉ ናቸው፤ ያው ዛፍ ነው የሚላችሁን አትመኑ።

ሺባፓን፣ አሥራ ስምንቱ መታጠፊያ፣ የታይሻን ዋና ፈተና ነው። ርዝመቱ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ደረጃው ከ1,600 በላይ፣ ሽቅቡ 400 ሜትር ያህል። በሦስት ይከፍሉታል፦ ዝግ ያለው፣ መካከለኛውና ጠባቡ። የመጨረሻው ከሼንግሺያን ቅስት እስከ ናንቲያንመን ያለው ሲሆን ከታች ሆነው ሲያዩት መሰላል የቆመ ይመስላል። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሙሉ እግር አያስቀምጥም፤ ተረከዛችሁ አየር ላይ ይንጠለጠላል። እግራችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ አስቀምጡ፣ የብረቱን መደገፊያ ያዙ፣ በየ50 ደረጃው ሳይደክማችሁ ቁሙ። ከደከሙ በኋላ መቆም ጡንቻውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሳይደክሙ መቆም ግን ያቆየዋል። ወደ ኋላ ዞሮ ራስን ፎቶ ማንሳት እዚህ አይሆንም። ቦርሳው ወደ ኋላ የሚስብ ከባድ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው፤ ሻንጣ ሆቴል ይቅር።

ናንቲያንመን 1,460 ሜትር ላይ ነው፤ በ1264 የተሠራ በር። እዚህ ሲደርስ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይቀመጣል። ገና ነው፤ እስከ ጫፉ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቷችኋል። ሌሊት የወጡ ብዙ ሰዎች ፀሐይዋ የምታመልጣቸው እዚህች ጋር ነው። ከሁሉ በፊት ግን በላብ የራሰውን ሸሚዝ አውልቁና ደረቁን ልበሱ። ጫፉ ከከተማው በ8 ወይም 10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ነፋስም አለው። ታይሻን ላይ ሰው የሚታመመው በመውጣቱ ሳይሆን እርጥብ ልብስ ለብሶ በመቆሙ ነው። ረጅም አረንጓዴ የወታደር ካፖርት የሚያከራዩ በብዛት አሉ፤ መያዣ ገንዘብ ይቀበላሉ። ካፖርቱ ይሸታል፣ ግን ያሞቃል። ጋቢ ያለው ሰው ከእሱ የተሻለ አማራጭ ይዟል።

ከናንቲያንመን ወደ ምሥራቅ የሰማይ ጎዳና የሚባለው የሱቅ መንገድ ነው፤ ቶሎ እለፉት። መጨረሻው ላይ የቢሺያ ቤተ መቅደስ አለ። ዳይሚያኦ የንጉሦች ከሆነ ይህ የሕዝቡ ነው። ቢሺያ ዩዋንጁን የታይሻን እመቤት ነች፤ የሻንዶንግ ገበሬዎች ግን ይህን ሁሉ ስም አይሉም፣ «የታይሻን አያቴ» ብለው ነው የሚጠሯት። የሚለምኗት በአብዛኛው ልጅ ነው፣ የሚለምኗትም ሴቶች። የለመኑት ሲሆንላቸው ተመልሰው መጥተው ያመሰግናሉ። ስለት ማለት ነው፤ ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው የሚያየውን ነገር ሳያስረዱት ይገባዋል። መንገዱ ዳር በዛፍ ቅርንጫፍ መካከል ትንንሽ ድንጋይ ተቀምጦ ብታዩ የዚሁ የልጅ ልመና ነው፤ አታንሱት።

ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። የዋናው አዳራሽ ክዳን ነሐስ ነው፣ የጎኖቹ ብረት ነው። የሸክላ ክዳን ይህን ነፋስና ውርጭ ስለማይችል ነው በብረትና በነሐስ የተሠራው። ግቢው ውስጥ በ1615 እና በ1625 ከነሐስ የተቀረጹ ሁለት ጽላቶችም ቆመዋል።

ስለ አገባቡ፦ የበሩ መድረክ ከፍ ያለ እንጨት ነው፤ ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት። አዳራሹ ውስጥ ምስሎቹን ፎቶ አታንሱ፣ በጣትም አትጠቁሙ። የታኦ፣ ማለትም የቻይና ነባር ሃይማኖት፣ ካህን ረጅም ፀጉሩን አናቱ ላይ ይቋጥራል፤ «ዳኦጃንግ» በሉት። የሚሰጠው ሰላምታ የግራ እጁ ቀኝ ጡጫውን ሸፍኖ ነው። የቡድሃ መነኩሴ ራሱን የተላጨ ሲሆን «ሺፉ» ይባላል፤ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ሰላም ይላል። እዚህ ጫፍ ላይ ያሉት ታኦዎች ናቸው፤ የቡድሃውን ሰላምታ ብታቀርቡ አይቆጧችሁም፣ ግን ፈገግ ይላሉ። ማንም ስገዱ፣ ዕጣን አጭሱ ብሎ አያስገድዳችሁም። እምነታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ወደ ጎን ቆሞ ማየት ነውር አይደለም። ዕጣን የሚያጨስ ግን በግቢው በተዘጋጀው ማጨሻ ብቻ ያድርግ፤ መንገድ ላይ እሳት መለኮስ ክልክል ነው፣ ደኑ ደረቅ ነው። ደግሞ ከቅጥር ውጭ ቆሞ ዕድላችሁን ልንገራችሁ የሚል፣ ወይም ስማችሁን መዝገብ ላይ አስፍሩ ብሎ ከዚያ የገንዘብ መጠን የሚጠራ ሰው ካጋጠማችሁ እጃችሁን አወዛውዛችሁ እለፉ። ስም ከጻፉ በኋላ መውጣት ይከብዳል።

ከቢሺያ በላይ አንድ ትልቅ የአለት ግድግዳ በወርቅ ፊደል ሲያበራ ታያላችሁ። ሹዋንዞንግ በ725 መሥዋዕቱን ካቀረበ በኋላ በ726 ያስቀረጸው ነው፤ ቁመቱ 13.3 ሜትር፣ ፊደሉ 1,008። ጠዋት ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ነው ጥሩ ፎቶ የሚሰጠው። ጫፉ ላይ ያለው የዩኋንግ ቤተ መቅደስ ግቢ ጠባብ ሲሆን መካከሉ ላይ ያ የቁመት ድንጋይ አለ፤ ዙሪያው ሰንሰለት በቁልፍ ተሞልቷል። ከበሩ ውጭ ስድስት ሜትር ያህል የሚሆን፣ ምንም ያልተጻፈበት ሐውልት ቆሟል። ግማሹ የቺን ሺ ኋንግ ነው ይላል፣ ግማሹ የሃን ዉዲ። ንጉሥ ራሱን ያወድሳል ብላችሁ ለምትጠብቁ ባዶው ድንጋይ ያስገርማል።

የፀሐይ መውጫ ነገር ብዙ ሰው የሚበላሽበት ስለሆነ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው፣ በጥቅምት መጀመሪያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ገደማ። የአማካይ ሰው ጉዞ ከሆንግመን እስከ ጫፍ አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ በሰኔ ከሌሊቱ 5 ሰዓት፣ በጥቅምት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል መነሳት ይበቃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሚወጡ አሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ጫፍ ደርሰው ነፋስ ላይ ለሰዓታት ይንቀጠቀጣሉ። ምርጡ ቦታ ሪጓን ጫፍ ነው፤ እዚያ 6.5 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ወደ ሰሜን ተንጋዶ ወጥቶ ታያላችሁ። ድንጋዩ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ደመና ካለ ፀሐይ የለም፤ የአየሩን ትንበያ ማታ አይታችሁ ደመናማ ከሆነ ተኙና በቀን ውጡ፣ በዚያውም ጂንግሺዩን ታያላችሁ።

ለምግብ፣ ለጿሚ ታይአን ከብዙ የቻይና ከተሞች ይሻላል። የሻንዶንግ ጂያንቢንግ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከሌላ እህል ዱቄት ሊጥ ክብ የብረት ምጣድ ላይ በስሱ ተዘርግቶ የሚጋገር ነው፤ እንጀራ የሚያውቅ ሰው ምጣዱን ሲያይ ቤቱ ያለ ይመስለዋል። ደረቅ ነው፣ አይቦካም፣ ወፍራም ሽንኩርት ከነቅጠሉ ይጠቀለልበታል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ግን እንቁላል ይሰበርበታል፤ «ቡ ያው ጂዳን» (እንቁላል አልፈልግም) በሉ። የከተማው መታወቂያ የሆነው የጎመንና የቶፉ ሾርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ነው የሚሠራው። «ወ ቺ ሱ» ማለት ሥጋ አልበላም ማለት ነው፤ መረቁን ግን ለይታችሁ ጠይቁ። መንገድ ላይ ከሚሸጠው ሁሉ ይልቅ የሚያረካው ኪያር ነው፤ ታጥቦ በልጡ ይበላል። ሽንት ቤት በየጣቢያው አለ፣ ወረቀት ግን አይኖርም ብላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል። ወደ ላይ ልባችሁ ነው የሚሠራው፣ ወደ ታች ጉልበታችሁ። እስከ ጆንግቲያንመን ባለው ሺባፓን ላይ በእግር መውረድ ወጣትንም ያንቀጠቅጣል። እኔ የምመርጠው ከናንቲያንመን በኬብል ካር ወደ ጆንግቲያንመን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቲያንዋይ መንደር መውረድ ነው። ፀሐይ እንደወጣች ሁሉም ሰው ወደ ኬብል ካሩ ይጎርፋል፤ ሰልፉ ከሰዓት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቤተ መቅደሶቹን ከፀሐይዋ በኋላ እዩ፣ ከዚያ ሰልፉ ሲቀንስ ውረዱ። በእግር ልውረድ የሚል ሰው ወደ ጎን ዞሮ፣ በትሩን ከእግሩ አንድ ደረጃ ቀድሞ እያስቀመጠ ይሂድ፤ ስልኩም ኪሱ ውስጥ ይሁን።

የኮንፉሺየስ አገር ቹፉ በባቡር አንድ ጣቢያ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ብዙ ሰው በማግስቱ ጠዋት እዚያ ለመሄድ ያቅዳል። ጠዋቱን ዕረፉበት። በማግስቱ ጠዋት ጭናችሁ ደረጃ አይቀበልም፤ ትኬታችሁን ለከሰዓት በኋላ ቁረጡ፣ ጣቢያው ውስጥም ከደረጃው ይልቅ አሳንሰሩን ፈልጉ።